የኅዳር ጽዮን ዝናብና የቄስ ዘውዴ ጤፍ

ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃዬ አቶ ይርጋ የሜትሮሎጂ ጣቢያው ግቢ መሐል አቁመው፣ «ቀና በል እስቲ፤ ምን ይታይሃል?» አሉኝ። ቀና አልኩና «ደመና» አልኳቸው። «እሱንማ አህያም ታያለች፤ ያውም ያለ ደመወዝ» አሉ። «ስንት ነው? ምን ዓይነት ነው? ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?» ዲፕሎማዬን የያዝኩበት ካኪ ፖስታ ገና ከብብቴ አልወጣም ነበር። ከሰማይ በታች ኖሬ ኖሬ ሰማይን አንድ ቀን እንኳ በወጉ አይቼው እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ ሥራችን ይኸው ነበር። ሰማዩን በሐሳብ ስምንት ቦታ ትቆርሰዋለህ፤ ስንቱ ቁራሽ በደመና እንደተሸፈነ ትጽፋለህ። ነጩን ባለ ፍርግርግ ሳጥን ከፍተህ ሁለት ቴርሞሜትር ታነባለህ፤ አንዱ ደረቅ ነው፣ አንዱ ጫፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ። የሁለቱ ልዩነት ሲጠብ አየሩ እርጥበት ይዟል ማለት ነው። ከዚያ የዝናብ መለኪያው፣ ከዚያ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ወረቀት የምታቃጥለው የመስታወት ኳስ። ጀማሪ ኦብዘርቨር ይህን ሁሉ ይሠራል፤ ከፍተኛ ኦብዘርቨር ጀማሪው መሥራቱን ያያል፤ የትንበያ ባለሙያ ደግሞ ሁለቱ የሠሩትን ይዞ ይሳሳታል። እኔ ሦስቱንም ማዕረግ በየተራ ቀምሼዋለሁ።

የትንበያ ባለሙያ የሆንኩ ቀን አቶ ይርጋ የመጀመሪያውን የሳምንት ትንበያዬን አነበቡት። «በሳምንቱ አጋማሽ በጉና ዙሪያ ዝናብ ይዘንባል» ብዬ ጽፌ ነበር። እስክሪብቷቸውን አወጡና «ይዘንባል» የሚለውን ሰርዘው «ሊዘንብ ይችላል» አሉት። «በጉና ዙሪያ» የሚለውንም «በአንዳንድ ከፍተኛ ቦታዎች» አደረጉት።

«ለምን?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ቢዘንብ ብለናል፤ ባይዘንብም ይችላል ነው እንጂ ይዘንባል አላልንም» አሉኝ። «‘ይችላል’ የምትለዋን ቃል አትልቀቃት። እሷ ናት ጡረታ የምታደርስህ።»

እውነታቸውን ነው፤ አድርሳኛለች።

የሳምንቱ ትንበያ በአካባቢው ሬዲዮ ይነበብ ነበር፤ ኋላ በቴሌግራምም መለቀቅ ጀመረ። የከተማው ባጃጅ ነጂዎች ስሜን ረስተው «ጋሼ ይችላል» ይሉኝ ጀመር። ልሳፈር ስል አንዱ «ጋሼ ይችላል፣ ገበያ ድረስ እንደርሳለን?» ይላል። ሌላው «ሊደረስ ይችላል!» ብሎ ይመልስለታል። ዝናብ ሲጠፋ «የት ደበቅኸው?» ይሉኛል፤ ሲበዛ «ኧረ ይብቃህ!» ይሉኛል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይላል ያገሬ ሰው፤ ስለዚህ ሰማዩን መክሰስ ሲያምረው እኔን ይከሳል።

ከቄስ ዘውዴ ጋር ያስተዋወቀን የዝናብ መለኪያ ነው። ከጋፋት ዝቅ ብሎ ያለ የገጠር ደብር አለቃ ናቸው፤ እንደ ማንኛውም የገጠር ካህን ቀድሰው ሲወጡ ሞፈር የሚጨብጡ ገበሬ። መሥሪያ ቤታችን በዚያ አካባቢ መለኪያ ፈልጎ ነበርና ከብት የማይደርስበት አጥር ያለው ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሌላ አልተገኘም። የመለኪያውን ቆርቆሮ እዚያ ተከልነው። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ውኃውን ባለ ቁጥሩ ብርጭቆ ላይ እየገለበጡ ሊለኩልን ተስማሙ።

የመጀመሪያው የነሐሴ ወር ልኬት ሲመጣ ሁሉም ዜሮ ነበር። አቶ ይርጋ ጠረጴዛውን መቱ። «ነሐሴ ላይ ዜሮ? ጋፋት ሲና በረሃ ሆነች እንዴ?»

ጭቃውን እየረገጥኩ ወረድኩ። ዝናቡ እስከ አጥንቴ ዘልቆኛል። ቄስ ዘውዴ ተቀብለው ወደ መለኪያው ወሰዱኝና አንገታቸውን ደፉ። «እኔ የምጽፈው ያገኘሁትን ነው» አሉ። «ስቀድስ ቆይቼ ስመጣ ባዶውን አገኘዋለሁ።» ጥቂት ቆመን ስናይ አንዲት እናት መጡ፤ ቆርቆሮውን ተሳለሙ፤ ውኃውን በጠርሙስ ቀዱና ግንባራቸውን ቀብተው ሄዱ። ከኋላቸው ሌላ መጣች። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ከሰማይ በቀጥታ የወረደ፣ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ ውኃ ጠበል ካልሆነ ምን ይሆናል? ሕመምተኛ ሁሉ እየተመላለሰ የመንግሥትን ዝናብ ጠጥቶታል።

ቄስ ዘውዴ በእሑዱ አውደ ምሕረት ላይ ቆመው፣ «ምእመናን፣ ያ በቆርቆሮ ውስጥ ያለው ውኃ ጠበል አይደለም፤ የመንግሥት ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሰው አልነካውም። እንዲያውም በአጠገቡ የሚያልፈው ሁሉ ራቅ ብሎ ያልፍ ነበር። ልኬታችንም ተስተካከለ።

እንዲህ ተዋወቅንና ዓመታት አለፉ።

አሁን ልነግራችሁ ወደምፈልገው ኅዳር እንምጣ። በዚያ ዓመት በጋው በጊዜ ገባ። ፀሐዩ ስለጠና ጤፉ ባንዴ ደረሰ፤ ገበሬው በወንፈል ተጠራርቶ፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን እየተባባለ፣ ሸለቆውን በሙሉ አጨደው። ነዶው ገና አልተከመረም፤ እንዲደርቅ በየማሳው ተጋድሟል። የተከመረ ጤፍ ዝናብ ቢመጣበት ላዩ ይረጥብ እንደሆን እንጂ ውስጡ አይነካም። መሬት ላይ የተጋደመ ነዶ ግን አንድ ጥሩ ዝናብ ከጠጣ ይጠቁራል፣ ይበቅላል፤ የዓመት ልፋት ለጭቃ ነው።

በሳምንቱ ትንበያ ላይ እንደ ልማዴ «በአንዳንድ ከፍተኛ ቦታዎች ቀላል ዝናብ ሊኖር ይችላል» ብዬ ነበር። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። እኔ ራሴም ብዙ አልቆጠርኩትም።

በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ጠዋት ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ከፍ ብሎ ላባ የሚመስል ስስ ደመና ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ያን ዕለት ወፍሮ በፀሐይ ዙሪያ ቀለበት ሠራ። የሁለቱ ቴርሞሜትሮች ልዩነት ጠቧል። የሳተላይቱ ምስል ላይ ከደቡብ የሚመጣው እርጥበት ወደኛ ፊቱን አዙሯል። እንግዲህ ይህን እያየሁ ሳለሁ ነው ቄስ ዘውዴ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ቢሮዬ የገቡት።

«ነገ ይዘንባል ወይ?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

«ሊዘንብ ይችላል አባ።»

«እሱንማ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ለሱ ብዬ ይኼን ሁሉ መንገድ አልመጣም።» ተቀመጡ። «ስማኝ ልጄ። እኔ ነገ አውደ ምሕረት ላይ ቆሜ ‘ዛሬ የእመቤታችን በዓል ሊሆን ይችላል’ ብል ምን ትለኛለህ?»

ሳቄን ዋጥኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ነገሩን አስረዱኝ። ሰዉ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቢከምር እንኳ ግማሹን አይጨርስም። ነገ ደግሞ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ማጭድ የሚነሣበት፣ ነዶ የሚነካበት ቀን አይደለም። በእኛ አገር በዓል የሻረ ሰው መዘዙ ለራሱ ብቻ አይደለም የሚተርፈው። በረዶ ያመጣል ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይነሣበታል፤ በሽማግሌ ይቀጣል። ይህን ክልከላ ማንሣት የሚችለው የደብሩ አለቃ ብቻ ነው፤ እህል ሊጠፋ ነው ብሎ ካመነ ከቅዳሴ በኋላ ሰብስቡ ብሎ ሊፈቅድ ይችላል።

«ፈቅጄ ካልዘነበ ሕዝቡን በከንቱ የእመቤታችንን በዓል አስሽሬዋለሁ» አሉ። «ሳልፈቅድ ከዘነበ ደግሞ ሸለቆው ሁሉ ይራባል። ስለዚህ ቁርጡን ንገረኝ።»

ቁርጥ የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ጊዜ ለመግዛት ማስተማር ጀመርኩ።

«አባ፣ ሽሮ ሲንተከተክ የድስቱን ክዳን ሲያነሡት ምን ያያሉ?»

«እኔ ክዳን አንሥቼ አላውቅም። ይታይሽ ትቆጣኛለች።» ይታይሽ ባለቤታቸው ናት።

«ውኃ ተንጠልጥሎ ነው የሚገኘው። እንፋሎቱ ስለሚሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ክዳን ጋ ሲደርስ ጠብታ ይሆናል። ደመናም ያው ነው። ፀሐይ ጣናንና የፎገራን ሜዳ ታሞቃለች፤ እርጥቡ አየር ይነሣል፤ ጉናን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ አየር ላይ ባለ ብናኝ ላይ እየተለጠፈ ጠብታ ይሆናል። እኛ ደመና የምንለው ያንን ነው። ጠብታው እየተጋጨ ሲከብድ ይወርዳል።»

ጥቂት አሰቡና «ፀሐይም ሁልጊዜ አለች፤ ጣናም የትም አልሄደ። ታዲያ በኅዳር ምነው አይዘንብ?» አሉኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ለጉብኝት ከሚመጡት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ጥቂት ነው። «በበጋ ከላይ ያለው አየር ደረቅ ነው አባ፤ የተነሣውን እንፋሎት ሳይሰበሰብ ይበትነዋል። አሁን ግን ከደቡብ ብዙ እርጥበት እየገባ ነው። ከሰሜን ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከላይ እየወረደ ነው።»

«ክዳኑ መጣ በለኛ።»

«አዎ፣ ክዳኑ መጣ።»

«ስለዚህ?»

 በመስኮት ወደ ጉና አየሁ።  ያን ሁሉ ዓመት «ይችላል» እያልኩ ስኖር አንድም ሰው ዓይኔን እያየ ስለነገ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«ይዘንባል» አልኳቸው። «ነገ ከሰዓት በኋላ። ጥሩ አድርጎ ይዘንባል።»

«በል እግዜር ይስጥህ» ብለው ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

አቶ ይርጋ ከጎን ክፍል ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ፊታቸው አመድ መስሎ መጡ። «ምን አደረግህ አንተ ሰው?»

«ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።»

«በጽሑፍ አልሰጠሃቸውም አይደል?»

«አልሰጠሁም።»

«ተመስገን!» አሉና ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ ራሴን መያዝ አቅቶኝ እዚያው ደብር አስቀደስኩ። ማኅሌቱ ደምቋል፤ ሰዉ ነጭ በነጭ ነው። ሰማዩን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማየው። ከስምንቱ ቁራሽ አምስቱ ተሸፍኗል። ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ቄስ ዘውዴ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«ልጆቼ፣ እመቤታችን እህል ሲጠፋ አይታ ደስ አይላትም። ዝናብ እየመጣ ነው ተብያለሁ፤ አምኛለሁም። ዛሬ ነዶ ሰብስቡ፤ ኃጢአቱ ካለ በኔ ላይ ይሁን።» ጉርምርምታ ተነሣ። እጃቸውን አነሡ። «አንድ ነገር ግን ስሙ። የኔ ማሳ አይነካም። ማንም ‘ቄሱ ለራሱ ጤፍ ሲል በዓል ሻረ’ እንዳይል። ቤተሰቤም፣ ሌላ ሰውም፣ ከኔ ማሳ አንዲት ነዶ እንዳያነሣ። በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ።»

 ሰዉ ሲበተን ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አባ! ይዘንባል ብዬዎት የለም እንዴ?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ጤፍዎ ሊጠፋ ነው እኮ!»

«አምኜህ አይደል? ባላምንህ ኖሮ መች እፈቅድ ነበር።» ተረጋግተው ነው የሚያወሩት። «ከዘነበ ጤፌ ይሄዳል። ካልዘነበ ስሜ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን በሁለቱም አይራብም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ልጄ።»

«ስም ከመቃብር በላይ ይዋል!» አለች ከኋላችን አንዲት ሴት። ወይዘሮ ይታይሽ ናት፤ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ዓይኗ እሳት መስሎ። «ልጆቼ ግን ገና ከመቃብር በላይ ናቸው፤ ይበላሉ! ስም ፈጭቼ ላብላቸው?» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ይዘንባል ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እሰይ የኔ ጌታ! የተማረ ይግደለኝ ይል የለ ያገሬ ሰው? ይኸው ገደልከኝ።»



እንዲያ ያለ ቀን ዳግመኛ አላየሁም። የበዓል ልብሱን የለበሰ ሕዝብ በየማሳው ፈሰሰ። ነጭ ቀሚስ በነዶ ገለባ ተሸፈነ። ሽማግሌው ይከምራል፣ ሴቱ ያቀብላል፣ ዲያቆናቱ እንኳ ጥንግ ድርባቸውን አውልቀው ይሸከማሉ። በመሐል የቄስ ዘውዴ ማሳ እንደተጋደመ ቀርቷል። ሰዉ ሲያልፍ ሲያገድም በዳሩ በዳሩ ነበር የሚሄደው፤ ያኔ ያን ቆርቆሮ እንደሚርቀው። ይታይሽ ከማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጇን አጣምራ ታያለች።

እኔ ደግሞ ጉናን አያለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ትንበያዬ እንዲሰምር ስመኝ ኖሬአለሁ። ያን ዕለት ግን እንዳይሰምር ለመንኩ። ከዚያ ደግሞ ካልሰመረ እኚህ ሰው በሕዝባቸው ፊት ምን ሊሆኑ ነው ብዬ እንዲሰምር ለመንኩ። እመቤታችን የትኛውን ልመናዬን ትስማ? ሰማዩ ግን ስለኔ ግድ አልነበረውም፤ በጉና ትከሻ ላይ ደመናው እየተቆለለ፣ ሥሩ እየጠቆረ ወደኛ ወረደ።

የመጨረሻዎቹ ክምሮች ሸራ ሲለብሱ የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። ከዚያ ወረደ። በአንዳንድ ቦታዎች አይደለም፤ ቀላልም አይደለም። ሰዉ እልል ብሎ ወደየቤቱ ሲሮጥ ቄስ ዘውዴ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ዝናቡ በራሳቸው ነዶ ላይ ሲወርድ አዩት። ወይዘሮ ይታይሽ ከድንጋዩ አልተነሣችም። እሳቸው ናቸው ሄደው ጃንጥላውን የዘረጉላት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከተማ ደረሰ። ደረሰ ስል ግን እንደሆነው አይደለም። አንዱ «እመቤታችን ሰዉ እስኪሰበስብ ዝናቡን ይዛ አቆየችው» አለ። ሌላው «ቄሱ በዓል አስሽሮ እመቤታችን የሱን ጤፍ ለይታ መታችው» አለ፤ ይህን ካሉት ውስጥ ጤፋቸውን የሰበሰቡት ይበዛሉ። ትንበያ የሚባል ነገር ያነሣ ሰው አልሰማሁም። የሰፈሬ ባጃጅ ነጂ ብቻ «ጋሼ ይችላል፣ በኅዳር ዝናብ አመጣህብን አይደል?» አለኝ።

ቄስ ዘውዴን ልጠይቅ ወረድኩ። የጠቆረውን ጤፍ እየገለበጡ የማይረባውን ለጭቃ ቤት ምርጊት ይለያሉ። ሲያዩኝ ቀና አሉና ፈገግ አሉ።

«አላሳፈርከኝም» አሉኝ።

እኔ ግን አፈርኩ። «ሰዉስ ምን አለ አባ?»

«ሰዉማ ደግ ነው። ሁሉም መጥቶ አይዞዎት ብሎኛል።»

«አይዞህ አይፈጭም!» አለች ይታይሽ ከጓዳ። ቢሆንም ሽሮ አቀረበችልኝ፤ ክዳኑን ራሷ አነሣችና «ያውልህ፤ ይኼን ነው አሉ ያስተማርከው» አለችኝ። በኋላ ሲወቃ አንዳንዱ በቁና፣ አንዳንዱ በዳውላ እያመጣ ሰጥቷቸዋል። አንዳንዱም ረስቷል። ያን ዓመት ጠበብ ብለው ከረሙ።

በቀጣዩ ሳምንት ትንበያዬን ጻፍኩ። የማውቀውን «ይዘንባል»፣ «አይዘንብም» አልኩ። ስለ አንዱ ወረዳ መረጃው እርስ በርሱ ስለተጣላብኝ «ስለዚህ ቦታ አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ይርጋ አነበቡት። «ይዘንባል» የሚለውን ብዙ ካሰቡ በኋላ አለፉት። «አላውቅም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን እስክሪብቷቸውን አወጡና «ሊዘንብ ይችላል» አሉት።

ቄስ ዘውዴ ዛሬም ይደውሉልኛል። ጡረታ ወጥቻለሁ ብላቸው «ሰማዩም ጡረታ ወጣ?» ይሉኛል። ቀና ብዬ አያለሁ፤ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ሳላውቅ ስቀር አላውቅም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «በል ደህና ሁን» ብለው እንደሚመስላቸው ያደርጋሉ።

በወንበሬ ለተተካችሁት የምላችሁ ይኼው ነው። ትንበያ የሚጽፈው ሰው መሬት ላይ የተጋደመ ነዶ የለውም፤ የሚሰማው ሰው አለው። እኔ በነጻ የሰጠሁትን አንድ ቃል ቄስ ዘውዴ በዓመት እህላቸው ከፍለውበታል። የምታውቁትን እንደምታውቁት፣ የማታውቁትን አላውቅም ብላችሁ ጻፉ።